የመከለያዎቹ አደራ

የበደለኝ ፎርማኑ ነው። ባዳ አይደለም፣ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው፤ በዚህ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት፣ ኩፍኝ ሲወጣበት ሰባት ቀን ያልተኛሁለት፣ ጥርስ ሲያበቅል ጣቴን እያኘከ ያደገ። ያን ጊዜ ጣቴን ነከሰ፣ ዛሬ ስሜን። አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ በለጠፍኩት ካርቶን ዳርና ዳር ሾልካ ግድግዳዬ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። እዚህ አገር ሙቀቱ ሰው ስለሚጥል ሥራ የምንገባው ሳይነጋ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይለቁናል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ገብቶ ድብን ብሎ ይተኛል። ሕንፃው ከታች እስከ ላይ ያንኮራፋል። እኔ ብቻ ጀርባዬን ለአልጋው፣ ዓይኔን ለጣሪያው ሰጥቼ ተጋድሜያለሁ። ነገ ጠዋት አንድ ወረቀት ላይ ፈርሚ ተብያለሁ። ወረቀቱ “የማሽኖቹን መከለያ ያወለቀችው እሷ ናት” ይላል። እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ።

እኔ የወለቀ ነገር እጠብቃለሁ እንጂ አላወልቅም። ሥራዬ የግንባታው ስቶር ነው። ከፎቁ ሥር ባለች የቆርቆሮ ክፍል እቀመጣለሁ፤ ከፊቴ አንድ መስኮት፣ ከኋላዬ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ መብሻው፣ መጋዙ፣ ብረት መቁረጫው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ። ሠራተኛው መጥቶ ማሽኑን ይቀበለኛል፣ ሲወጣ እንዳለ ይመልስልኛል፣ የጎደለ ነገር ካለ ከመስኮቴ አያልፍም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ሦስት ወር ነው፣ እሱም ክረምቱ ሲገባ ተቋረጠ፤ ቁጥር ግን አይጠፋብኝም። ባሌ ሲሞት ወፍጮ ቤቱን ለብቻዬ ያስተዳደርኩ፣ አንዴ ስናገር ወረፋው የሚቃናልኝ ሴት ነኝ። ሴፍቲዋ፣ ያቺ የሥራ ደኅንነት የምትቆጣጠረው ቀጭኗ ልጅ፣ አንድ ቀን በጣቷ እያሳየች አስተማረችኝ። ማሽኑ ላይ የፍጥነቱ ቁጥር አለ፣ ዲስኩም ላይ አለ፤ የዲስኩ ቁጥር ከማሽኑ ቁጥር ካነሰ አይገጠምም፣ ይፈነዳል። ገመዱ የተላጠ አይሰጥም። ማብሪያው እንዳይጠፋ በፕላስተር የታሰረ ማሽን አይሰጥም፣ ከእጅ ሲወድቅ ብቻውን ይሮጣልና። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ቃል ገባኝ። ብረት እኮ ቋንቋ የለውም፤ ወይ ትቆርጥበታለህ ወይ ይቆርጥሃል።

ግራይንደር የሚሉት ብረት መቁረጫ ስስ ክብ ዲስክ ያሽከረክራል። መከለያው ለሁለት የተከፈለ የድስት ክዳን ይመስላል፤ ዲስኩን በሰውየው በኩል ይሸፍነዋል። ዲስኩ ቢሰበር ስባሪው የሚያርፈው መከለያው ላይ ነው። ታዲያ ሰፋ ያለ ዲስክ አያስገባም፣ ጥግ ላይ ያለ ፌሮ ሲቆረጥም ይደናቀፋል። ፎርማኑ ደግሞ ቸኳይ ነው፤ ከእናቱ ሆድ እንኳ በሰባት ወሩ ነው የወጣው። “አውልቁት፣ ትልቁን ዲስክ ግጠሙ” አለ። ሰዎቹ ፈሩ፤ መከለያው የጠፋበት ሰው ሲመልስ ከእኔ ጋር ምን እንደሚገጥመው ያውቃሉ። ያኔ ነው ማር የመሰለ አፉን ወደ መስኮቴ ያዞረው። “አክስቴ ጋ አስቀምጡት። እሷ ጋ የገባ ዕቃ መቃብር የገባ ነው፣ ማንም አያወጣውም።” ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ! ምን ልደብቅ፣ ደስ አለኝ። አንድ በአንድ እየመጡ “እማማ፣ አደራ” እያሉ ሰጡኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል ነው ያደግሁት፤ እናቴ የጎረቤት ዶሮ በአደራ ተቀብላ ከእኛ ከልጆቿ በፊት ለዶሮዋ ጥሬ ትበትን ነበር። ሃያ ሦስቱንም መከለያዎች በጨርቅ ወለወልኳቸው፣ ዝገት እንዳይነካቸው ዘይት ቀባኋቸው፣ የማን የማን እንደሆነ እንዳይምታታ በየቀለሙ የጨርቅ ብጣሽ አሰርኩባቸው፣ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ደርድሬ፣ ክዳን ገጥሜ፣ ከወንበሬ ሥር ሸጎጥኳቸው። ሰውን የሚጠብቀውን ብረት እኔ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። ብረቱን አቧራ አልነካውም። የተነካው ሰውየው ነው።

ሰውየው ቀስበሉ የምንለው ፌሮ ቆራጭ ነው። ሌላው ሲጣደፍ እሱ “ቀስ በሉ፣ ፎቁ የትም አይሄድም” ስለሚል ስሙ በዚያው ቀረ። የዛሬ አራት ቀን፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ገንቦ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የመሰለ፤ ከዚያ ማሽኑ ብቻውን እየጮኸ ሲሚንቶው ላይ ሲንደፋደፍ፤ ከዚያ የሰው ሩጫ። መስኮቴን ክፍት ትቼ ወጣሁ፣ እዚህ በኖርኩበት ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። አልወደቀም። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፣ አገጩን በሁለት ጓንቱ ይዞታል፣ ጓንቱ ቀይ ሆኗል፣ እኔን ሲያየኝ ጉልበቱን ሰብስቦ ሊነሳልኝ ይሞክራል። ሊነሳልኝ! ለትልቅ ሰው መነሳት ለምዶበት፣ በዚያ ሰዓት! “ተቀመጥ አንተ!” ብዬ ጮህኩበት፣ እንደ ተሳዳቢ። አሁን ሆስፒታል ነው። አገጩ በሽቦ ታስሯል፣ ግራ ዓይኑን ገና ከፋሻው አልፈቱለትም፣ ያይ አያይ እንደሆነ ሐኪሞቹም አልተናገሩም።

ትናንት ቢሮ ተሰበሰብን። ሴፍቲዋ ባልዲዬን አግኝታዋለች፤ ክዳኑን ስታነሳ፣ ሃያ ሦስት መከለያ እንደ ሙሽራ ዘይት ተቀብቶ፣ ጨርቅ ታስሮለት ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ጠየቀችኝ። የሚያስተረጉምልኝ ማን ነው? ፎርማኑ፣ እሱ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ አገር አፌ እሱ ነው፤ ሐኪም ቤት እሱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሰልፍ ላይ እሱ፣ የቤት ውሉ ላይ እሱ። እኔ የሰዎቹን ቋንቋ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። እምቢ ብዬ ነው። በመጣሁ በሳምንቱ ሱቅ ገብቼ ሳሙና ብዬ ሁለት ቃል ብተነፍስ ሁለት ጎረምሶች ተያይተው ተንከተከቱ፤ በቃ አልኩ፣ ወፍጮው እየጮኸ እንኳ ድምፄ የሚሰማልኝ ሴትዮ በስተርጅና እየተኮላተፍኩ የሰው መሣቂያ አልሆንም፣ ከመንተባተብ ዝም ማለት ያስከብራል። ይኸው አስከበረኝ። “ሰዎቹ አንተ ባልከው አወለቁ፣ በአደራ ሰጡኝ፣ እኔ አስቀመጥኩ፣ በልልኝ” አልኩት። ሲናገር “አውልቅ” የሚለውን ቃላቸውን ሰማሁት፣ መስኮቴ ላይ ሺህ ጊዜ የሰማሁት ቃል ነው። ጣቱ ወደ እኔ ሲጠቁምም አየሁ። ሰማሁ፣ አየሁ፣ ከዚያ ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ብዬ! የእህቴ ልጅ ነዋ። ጆሮዬን ትቼ ደሜን አመንኩ።

ዛሬ ስንወጣ ኤሌክትሪሻኑ ደረጃው ሥር ጠበቀኝ። የኛው አገር ሰው ነው፣ ቋንቋቸውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። “እማማ፣ ምን ነክቶዎት ነው?” አለኝ ግራ ቀኙን እያየ። “ምን ነካኝ?” “በራስዎ ላይ መሰከሩ እኮ። እንዳይቆሽሹ ብዬ እኔው አወለቅኋቸው ብላለች ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን አይቼዋለሁ።” “አንተ ስብሰባው ላይ አልነበርክም?” “ነበርኩ።” “ታዲያ ምላስህን ማን ጋ አስቀምጠሃት ነበር? እኔ ጋ እንደሁ አልሰጠኸኝም።” አንገቱን ደፋ። “ልጆች አሉኝ፣ እማማ። እባክዎ እኔን እንዳያነሱኝ።” ልጆች አሉት። የማን ልጅ የለም? ሃያ ሦስት ሰው ልጅ አለኝ ብሎ ዝም አለ፣ የሃያ ሦስቱን ዝምታ አንድ አገጭ ተሸከመው።

ፎርማኑን መኪናው አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲመጣ በእጁ ምን ቢይዝ ጥሩ ነው? ሁለት መከለያ። ሴፍቲዋ ትናንት ሃያ ሦስቱንም ቆማ አስገጥማ ነበር፤ የሰውየው ደም ከሲሚንቶው ሳይለቅ ሁለቱ ወልቀዋል። “እንኳን አገኘሁሽ አክስቴ፣ እነዚህን ያዢልኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ጥጉ አላስገባ ብሎ ነው” አለኝ፣ ድምፁ እንደ ወትሮው። “ማን ላይ ነው አሁን?” አልኩት። “ምኑ?” “የሚቆርጠው ማን ነው? ስሙን ንገረኝ፣ ሐኪም ቤት ስሄድ ሁለቱንም ባንድ መንገድ ልጠይቃቸው።” ሳቀ። “አንቺ ደግሞ!” “ወረቀቱ ምን ይላል?” ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረና ዓይኑ ብቻ ሸሸ። መኪናውን ከፈተ፣ ዘጋ። “ስሚኝ አክስቴ። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ አይነኩሽም። ቢበዛ ወደ አገርሽ ይሸኙሻል፣ አገሬ ልግባ ስትዪም ኖረሻል። እኔን ግን ያስሩኛል።” “ለምን አልጠየቅከኝም?” “ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?” “እሺ ብልስ?” የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ አሽከረከረ። “ሰው ለዘመዱ ኩላሊት ይሰጣል አሉ፣ ግን ተጠይቆ ነው። አንተ ቆሜ እያየሁህ ከጎኔ መዘዝከው።” ጆሮው ቀላ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያፍር ጆሮው ነው የሚቀላው፣ አፉማ አያፍርም። “ያመጣሁሽ እኔ ነኝ” አለ ዝቅ ብሎ። “እዚህ ሰው ያደረግሁሽ እኔ ነኝ።” መከለያዎቹን በክንዴ ላይ አስታቅፎኝ ሄደ። ይኸው፣ ወንበሩ ላይ ናቸው፣ ከመቀነቴ አጠገብ። ሰው አደረገኝ! ከመምጣቴ በፊት ምን ነበርኩ ኖሯል፣ ጆንያ?

እህቴ ደወለች። ቀድሞ ነግሯታል፤ በልጅነቱም ሲያጠፋ ቀድሞ የሚያለቅስ እሱ ነበር። “እትዬ፣ ተኝተሻል?” ትለኛለች። “አዎ፣ በህልሜ ነው የማነጋግርሽ።” ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋ ስልኩ ውስጥ ገብቶ እንደ ተሰነጠቀ ዋሽንት ይነፋል። “ምን ይቸግርሻል እትዬ? አንቺ ኖረሻል። እሱ አምስት ነፍስ አንጠልጥሏል። ልጅም የለሽ፣ ተሸከሚለት።” “ተሸክሜዋለሁ እኮ። ጀርባዬን ጠይቂው። አንቺ ሰርግ ስትሄጂ፣ አንቺ ገበያ ስትውዪ።” “ያን ልትቆጥሪብኝ ነው?” “ተሸከሚ ያልሽው አንቺ ነሽ።” ልጅም የለሽ ያለችው ቃል በመካከላችን ቆሞ ነበር፣ ሁለታችንም እናየዋለን። “እንዲያ ማለቴ አይደለም” አለች። “ነው እንጂ።” “እትዬ፣ ልጄን ከምትበይው…” “ማን ማንን በላ? የአንዱ አገጭ ተበልቷል፣ እሱም የእናት ልጅ ነው። የእሱ እናትስ ለማን ትደውል? አፉ ታስሮ ማን ያናግራት?” ስልኩን ዘጋሁት። ታናሼ ናት፣ እናታችን ስትሞት ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነበርኩ፣ ስታለቅስ ስልክ ዘግቼባት አላውቅም።

እንግዲህ ተናድጃለሁ። ንዴት ብቻ ቢሆን ግን በእርግማን ተገላግዬ እተኛ ነበር፤ መራገም እችልበታለሁ፣ ከእናቴ የወረስኩት እሱን ነው። ተራገምኩ። ፎርማኑን ረገምኩ፣ ኤሌክትሪሻኑን ረገምኩ፣ ባለ ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ ጥጉን ሁሉ ረገምኩ። እንቅልፍ አልመጣም። እንቅልፌን የያዘው ሌላ ነው፣ እሱንም የሰሙት ስቀው አልፈውታል፣ ከእኔ ሌላ የተሸከመው አንድ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ አይናገርም፣ አፉ በሽቦ ታስሯል።

አደጋው በደረሰበት ዕለት ቀስበሉ መስኮቴ ላይ መጣ። ይመጣል፣ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል። ክርኑን ደፉ ላይ አስደግፎ “እማማ፣ ዛሬ መከለያዬን ይስጡኝ” ይለኛል። ቀዩ ጨርቅ የታሰረበት ነው፣ ከሁሉ በላይ የተቀመጠ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው። “ምነው?” “ዲስኩ አላማረኝም።” “ፎርማኑ ግጠም ብሎሃል?” “አላለም።” “እንግዲያው አደራ ነው፣ ያለ እሱ ቃል አልሰጥም።” “የኔው እኮ ነው፣ እማማ።” እኔም፣ ከኋላው ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ እኔ ተረበኛዋ፣ እኔ አፈ ሹሏ፣ ምን እላለሁ? “ምን ይሁን ብለህ ነው፣ መልክህ እንዳይበላሽ ነው? የትኛው መልክህ?” እላለሁ። ሰልፉ ተንከተከተ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ግራ ጉንጩ ይሰረጉድ ነበር። ማሽኑን አንስቼ ሰጠሁት። ስሰጠው ሁለቱን ቁጥሮች አይቻቸዋለሁ፣ የማሽኑንም የዲስኩንም። የዲስኩ ያንሳል። ሳላይ ቀርቼ አይደለም፣ ቁጥር አይጠፋብኝም ብያለሁ አይደል? አየሁ፣ ሰልፉ ረዝሟል፣ ሰው ስቆልኛል፣ ሰጠሁት። “ቀስ በል” ያለው ሰው አልነበረም፤ የሚለው እሱ ነበር።

እና ፎርማኑ የጻፈብኝ ውሸት ከእውነቴ ይቀላል። ይህ ነው አልጋ ላይ የሚያገላብጠኝ። እንዳይቆሽሹ ብላ ያወለቀች አሮጊት ሞኝ ናት፤ ሰው ራሱን ነቅንቆ ያዝንላታል፣ አውሮፕላን ያሳፍራታል፣ በቃ። ሰውየው ስለ ፊቱ እየለመናት “የትኛው መልክህ” ያለችውስ ምንድን ናት? ብፈርም የእሱ ውሸት የእኔን ኃጢአት ይሸፍንልኛል። ምን ያለ መከለያ ነው የሠራልኝ፣ ልክክ ያለ! ዝም ብል ደግሞ ያ ሦስተኛ ፎቅ ያለው፣ ፎርማኑ ስሙን ያልነገረኝ ሰው፣ ነገ ራቁቱን ማሽን ይይዛል። እሱ የጠየቀኝ ነገር የለም፤ ቀስበሉም እንደዚያ ነበር፣ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

ታዲያ በምን አፍ? ኤሌክትሪሻኑ አይመጣም። ፎርማኑን “እንዲህ በልልኝ” ብል እንዴት እንደሚልልኝ አይቻለሁ። ፀሐይዋ ከግድግዳዬ ወርዳለች፣ ጎረቤቶቼ ነቅተው ውሃ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ምን ቃል አለኝ? የመስኮት ቃል አለኝ። ስጪ። ያዢ። አውልቅ። ግጠም። የለም። ነገ። ትናንት። እኔ፣ አንተ፣ እሱ። ቁጥር እስከ መቶ። በዚህ ሰው ይፋረዳል? በእነሱ ቋንቋ “አዝናለሁ” ምን እንደሚባል አላውቅም፤ መስኮቴ ላይ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ያሉኝን ቃላት ሞከርኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ እንደ ጸሎት። ከዚያ ድምፅ አውጥቼ። አስቀያሚ ነው። የተሰበረ ሳህን እንደማኘክ ነው። ደገምኩት፣ እስኪመሽ፣ ከመሸም በኋላ።

ጠዋት ስቶሩን አልከፈትኩም። ሰዎቹ መስኮቱ ፊት ተሰልፈው “እማማ፣ ኧረ እማማ!” ሲሉ አልፌያቸው ሁለቱን መከለያዎች በነጠላዬ ሥር ይዤ ወደ ቢሮ ወጣሁ። ሴፍቲዋ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘርግታለች። ፎርማኑ አጠገቧ ቆሟል፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሊያስተረጉምልኝ። “እንደምን አደርሽ አክስቴ፣ እዚህ ጋ ነው የምትፈርሚው” አለ። “አንተ ዛሬ ጆሮ ነህ” አልኩት በቋንቋችን፣ “አፍ አይደለህም።” መከለያዎቹን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወደ ልጅቷ ዞርኩና በእነሱ ቋንቋ ጀመርኩ። እሱን በጣቴ ጠቁሜ “እሱ፣ አውልቅ” አልኩ። “ሃያ ሦስት፣ አውልቅ። እኔ፣ ያዢ። ትናንት፣ ሁለት። እሱ።” ድምፄ የራሴ አይመስልም፣ የሕፃን ነው። በሩ ላይ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ መከለያዎቹን አየች፣ እሱን አየች፣ ወረቀቱን ገልብጣ በባዶው ገጽ መጻፍ ጀመረች። እሱ ጆሮው ቀልቷል፣ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ልጅቷም የጨረስኩ መስሏት እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። እጄን አንስቼ አገጬን ነካሁ፣ ከዚያ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ፣ ማንን እንደምል እንድታውቅ። “እሱ” አልኩ፣ “ስጪ።” ደረቴን መታሁ። “እኔ፣ የለም።” ፎርማኑ በቋንቋችን “አክስቴ! ይህን ማንም አልጠየቀሽም!” ብሎ ጮኸ። ልጅቷ በእጇ ዝም አሰኘችው። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ የሰማችው ያንኑ እንደሆነ ለማረጋገጥ እንደ ፈራች ሁሉ፣ ቀስ አድርጋ “ድገሚልኝ” አለች።

ደገምኩላት።